ሕግ በተለወጠ ጊዜ የማይፈርስ ፕሮግራም ስለ መሥራት

ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ ኢትዮጵያ ከደመወዝ ላይ የሚቀነሰው ግብር በአዲስ ደንብ እንዲታሰብ ሁኗል። በገቢ ግብር አዋጅ ቍጥር 979/2008 ከግብር ነጻ የነበረው የወር ደመወዝ እስከ 600 ብር ድረስ ብቻ ነበረ፤ በማሻሻያው አዋጅ ቍጥር 1395/2017 ግን እስከ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። በወር 10,000 ብር የሚቀበል ሠራተኛ አስቀድሞ 2,045 ብር ይገብር የነበረው አሁን 1,650 ብር ይገብራል። ለሠራተኛው 395 ብር ስለ ተረፈለት ነገሩ በዚሁ ያበቃል። ለደመወዝ ከፋዩ ሹም ግን ነገሩ ከዚህ ይጀምራል፤ ደመወዙን የሚያሰላለት የኮምፒውተር ፕሮግራም አዲሱን ሕግ የሚቀበል ወይም የማይቀበል መሆኑ የሚታወቀው በዚያው ወር ነውና።

ፕሮግራሙ የተሠራው ከሁለት ዓይነት በአንዱ ሊሆን ይችላል። በአንደኛው ዓይነት 600 የሚለው ቍጥርና ከርሱ በላይ ያሉት ልኮች ሁሉ በትእዛዙ ጽሑፍ መካከል፣ አንዱ በዚህ ሌላው በዚያ ገጽ ተበታትነው ተጽፈዋል። ይህን ለመለወጥ የሠራውን ባለሙያ መፈለግ ያስፈልጋል፤ ባለሙያውም ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ ሥራ ሄዷል። ቢገኝም እንኳ አንዱን ቍጥር ለውጦ ሌላውን የዘነጋ እንደ ሆነ የመደበኛው ደመወዝ ግብር በአዲሱ፣ የትርፍ ሰዓቱ ግብር በአሮጌው ሕግ እየተሰላ ይቈያል። በሁለተኛው ዓይነት ግን የግብሩ ልክ ከፕሮግራሙ ውጭ በአንድ ሠንጠረዥ ተጽፎ ይኖራል፤ ፕሮግራሙም ሥራውን በሚሠራበት ሰዓት ሠንጠረዡን አንብቦ በዚያ የተጻፈውን ይፈጽማል። ሕጉ ሲለወጥ የሚለወጠው ሠንጠረዡ ነው። ፕሮግራሙ አይቆምም፤ አይፈርስም፤ እንደ ገናም አይገዛም። ሁለቱ ፕሮግራሞች ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ለወሩ ክፍያ ትክክለኛውን ወረቀት ያወጣሉ፤ ልዩነታቸው የሚታየው አዋጅ በወጣ ቀን ነው። ስለዚህ ፕሮግራም በሚገዛበት ጊዜ ዛሬ የሚያወጣውን ወረቀት ብቻ አይቶ ውል የሚፈርም መሥሪያ ቤት የገዛውን ነገር ገና አላየውም ለማለት ይቻላል።

በሥራ ላይ ሳለ ለውጥን የሚቀበልና ለብዙ ቤት የሚያገለግል ፕሮግራም ማቀድ የሶፍትዌር አርክቴክቸር በሚባለው ትምህርት ውስጥ ትልቅ ስፍራ አለው። ይህን ትምህርት ከሚሰጡት የአገራችን ቤቶች አንዱ በጅማ ከተማ ኪቶ ፉርዲሳ በተባለው ስፍራ የሚገኘው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. የተቋቋመው የጅማ እርሻ ኮሌጅና የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተባብረው ሲሆን፣ ተማሪን ወደ ሕዝቡ መካከል ልኮ በማስተማር የታወቀ ነው። እርሻና ጤና ናቸው የወለዱት፤ ዛሬም በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ደኅና ፕሮግራም የሚሻው ትልቁ ሥራ ያው ጤናና ቡና ነው። ስለዚህ የኪቶ ፉርዲሳ ተማሪ ለትምህርቱ ምሳሌ ከሩቅ አገር መፈለግ አያሻውም።

የትምህርቱን መሠረት በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1972 ዓ.ም. ዴቪድ ፓርናስ የተባለ ሊቅ በአንድ አጭር ጽሑፍ ገልጾታል። ከዚያ በፊት የተለመደው አሠራር ፕሮግራምን እንደ ሥራው ቅደም ተከተል መከፋፈል ነበረ፤ ይኸውም መጀመሪያ ይነበባል፣ ቀጥሎ ይሰላል፣ በመጨረሻም ይታተማል ተብሎ ነው። ፓርናስ ይህ አከፋፈል ስሕተት መሆኑን አሳየ። መከፋፈል የሚገባው ወደ ፊት ሊለወጥ የሚችለው ነገር እየተለየ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሊለወጥ የሚችል ውሳኔ በውስጡ ሠውሮ ይይዛል፤ ሌሎቹም ክፍሎች ከርሱ ጋራ ያላቸውን ውል ብቻ እንጂ የውስጥ ምሥጢሩን አያውቁም። እንዲህ ከሆነ አንዱ ክፍል ቢለወጥ ሌላው አይናወጥም።

ይህ አሳብ ለቤተ ክህነት ሰው እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መግቢያው ሥርዓተ ቅዳሴ በየዕለቱ አንድ ነው፤ ፍሬ ቅዳሴው ግን ከ14ቱ ቅዳሴያት መካከል እንደ በዓሉ ይለዋወጣል። የትኛው ቅዳሴ እንዲቀደስ፣ ምስባኩና ምንባቡም ምን እንደ ሆነ የሚናገረው ግጻዌ ነው። አንድ በዓል በደረሰ ቍጥር መጽሐፈ ቅዳሴው እንደ ገና አይጻፍም፤ ካህኑ ግጻዌውን አይቶ በተወሰነው ስፍራ የተወሰነውን ያስገባል። ይህም የሚቻለው ቅዳሴያቱ የሚገቡበት ስፍራ፣ ካህኑና ዲያቆኑ ሕዝቡም የሚቀባበሉበት ሥርዓት አስቀድሞ የታወቀ ስለ ሆነ ነው። ምሳሌው ለማስረዳት ያህል ብቻ ቢሆንም ቅሉ የነገሩን መልክ በትክክል ያሳያል፤ የማይለወጠው አንድ ስፍራ፣ የሚለዋወጠው ሌላ ስፍራ፣ የትኛው መቼ እንዲገባ የሚያዝዘውም ጽሑፍ ለብቻው ነው።

ፕሮግራምን ሳያቆሙ በመለወጥ ረገድ ቀደም ብለው ብዙ የደከሙት የስልክ ሰዎች ናቸው። የስዊድን ኤሪክሰን ኩባንያ በኤውሮጳ አቈጣጠር ከ1980ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ጆ አርምስትሮንግና ባልንጀሮቹ ባዘጋጁት ኤርላንግ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ሰዎች በስልክ እየተነጋገሩ ሳሉ የማገናኛውን ፕሮግራም አንድ ክፍል አውጥቶ በአዲስ መተካት እንዲቻል አድርጓል። ንግግር የጀመረው ሰው በአሮጌው ይጨርሳል፤ ቀጥሎ የሚደውለው በአዲሱ ይገናኛል። ለደመወዝ ቤት ይህን ያህል ርቆ መሄድ አያስፈልግም፤ ደመወዝ በወር አንድ ጊዜ ነውና።

ዳሩ ግን ሠንጠረዥ ማውጣት ብቻውን እንደማይበቃ የግብሩ ታሪክ ራሱ ያስተምራል። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 286 ከግብር ነጻ ያደረገው በወር እስከ 150 ብር ነበረ፤ ነጻውን ጨምሮ ደረጃዎቹ 7 ነበሩ፤ የመጨረሻውም ከ5,000 ብር በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ነበረ። በ2008 ዓ.ም. የብሩ ወሰኖች ሁሉ ተለወጡ። ደረጃዎቹ ግን 7 ሁነው ቀሩ፤ 10፣ 15፣ 20፣ 25፣ 30 እና 35 በመቶ የሚሉትም ልኮች እንደ ነበሩ ቈዩ። እንግዲህ በ1994 ዓ.ም. ጥንቁቅ የሆነ አንድ ፕሮግራም ሠሪ ወሰኖቹ ሊለወጡ እንደሚችሉ ዐስቦ ለ7ቱ ደረጃ 7 ባዶ ስፍራ ቢያበጅ፣ በ2008 ዓ.ም. ዐሳቡ ትክክል ሁኖ ያገኘው ነበረ። በ2017 ዓ.ም. ግን 10 በመቶ የሚለው ደረጃ ፈጽሞ ቀረ፤ ከነጻው 2,000 ብር በቀጥታ ወደ 15 በመቶ ይታለፋል፤ ደረጃዎቹም 6 ሆኑ። ያ ጥንቁቅ ሰው ቍጥሩ እንደሚለወጥ ዐሰበ እንጂ የቍጥሮቹ ብዛት እንደሚለወጥ አላሰበም። የደረጃውን ብዛት ሳይወስን እያንዳንዱን ደረጃ በአንድ መስመር፣ ወሰኑንና መቶኛውን ጎን ለጎን የጻፈ ሌላ ሠሪ ግን አንድ መስመር ከመሰረዝ በቀር ምንም አይቸግረውም። ሁለቱም ትጉሃን ናቸው። የለያያቸው ስለ ኮምፒውተር ያላቸው ዕውቀት አይደለም፤ ስለ ግብር ሕግ ጠባይ ያላቸው ዕውቀት ነው።

ከዚህም በቀር አሮጌው ሠንጠረዥ አዲሱ በመጣ ጊዜ ሊጠፋ አይገባም። የኦዲት ሹም በ2018 ዓ.ም. መጥቶ የ2016 ዓ.ም.ን ደመወዝ ሲመረምር ሒሳቡ በዚያን ጊዜ ሕግ እንዲሰላለት ያስፈልጋል። ስለዚህ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚጸና ቀኑ ይጻፋል። ይህ ጥቂት ነገር ቢመስልም ሲቀር የሚያመጣው ችግር ብዙ ነው።

በጤና በኩል ያለው ምሳሌ ከዚህ የሰፋ ነው። የጤና ሚኒስቴር ከጤና ድርጅቶች የሚመጣውን ዘገባ የሚሰበስበው ዲ ኤች አይ ኤስ 2 በተባለ ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም መነሻው በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታት በደቡብ አፍሪካ የተጀመረ ሥራ ሲሆን፣ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ እየመራው አድጎ ዛሬ ከ70 በሚበልጡ አገሮች ያገለግላል። አንዱ ፕሮግራም ለዚህን ያህል አገር የበቃው ስለ ማናቸውም አገር አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር ስለሌለው ነው። ወባ የሚለው ቃል በትእዛዙ ውስጥ የለም፤ ጅማ ዞን የሚለውም የለም፤ ወረዳ የሚባል እርከን መኖሩንም አያውቅም። በሽታው፣ የዘገባው ቅጽ፣ የአስተዳደሩ እርከን፣ ሁሉም በባለሥልጣኑ እጅ ከውጭ የሚጻፍለት ነው። አዲስ በሽታ በተነሣ ጊዜ ኀላፊው ስሙን መዝግቦ በቅጹ ላይ ይጨምረዋል፤ በሩቅ ጣቢያ ያለው ጸሓፊም ቅጹን ሲከፍት አዲሱን መስመር ያገኘዋል። የኢትዮጵያ የዘመን አቈጣጠርም ከነጳጉሜን ከሚመረጡት አቈጣጠሮች አንዱ ሁኖ ገብቶበታል። ዓመት 12 ወር ብቻ ነው ብሎ በቈረጠ ፕሮግራም ላይ 13ኛውን ወር፣ ያውም በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ 6 ቀን የሚሆነውን፣ ኋላ መጨመር እንደምን እንደሚያስቸግር የሞከሩት ያውቁታል።

የአስተዳደር እርከንን ከፕሮግራሙ ውጭ ማድረግ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለጅማ ጎረቤቶች በኅዳር 2014 ዓ.ም. ታይቷል። በዚያን ጊዜ የካፋ፣ የሸካ፣ የቤንች ሸኮ፣ የዳውሮና የምዕራብ ኦሞ ዞኖች ከኮንታ ጋራ ከቀድሞው የደቡብ ብሔሮች ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ወጥተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሆኑ። የክልሎች ስም በውስጡ ተቀርጾ የቀረ ፕሮግራም ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ በዚህ ጊዜ ይቸገራል። እርከኑ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ሁኖ ከውጭ ለተጻፈለት ፕሮግራም ግን ሥራው የካፋን ቅርንጫፍ ከአንዱ ግንድ ነቅሎ በሌላው ላይ መትከል ብቻ ነው። ሆኖም በዚህም ላይ አንድ ጕድለት አለ። ቅርንጫፉ ሲዛወር የቀድሞው ዘመን ቍጥር አብሮት ስለሚዛወር፣ የ2012 ዓ.ም. የካፋ ሕሙማን ያን ጊዜ ባልነበረ ክልል ስም ተደምረው ይታያሉ። ለግብሩ ሠንጠረዥ የተነገረው የቀን ጕዳይ እዚህም ይመለሳል፤ ይህን ያህል ዓለም የታመነበት ሥራ እንኳ ሁሉን አስቀድሞ ሊያስብ አልቻለም።

ቡና ላይ ሲደርስ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በአጋሮም ሆነ በሊሙ ገነት ቡና በሚረከብ ቤት የሚጻፈው መዝገብ ለረጅም ዘመን የታወቀ ነው፤ ያመጣው ሰው ማን እንደ ሆነ፣ ከየት ወረዳ እንደ መጣ፣ እሸት ወይም ጀንፈል መሆኑ፣ ስንት ፈረሱላ እንደ መዘነ ይጻፋል። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲቋቋም ደረጃና የመጋዘን ደረሰኝ ተጨመረበት። በኤውሮጳ አቈጣጠር በ2023 ዓ.ም. ደግሞ የኤውሮጳ ኅብረት ባወጣው ሕግ፣ ወደዚያ የሚገባ ቡና ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት ያልመጣ መሆኑ እንዲረጋገጥና የበቀለበትም ማሳ በምድር ላይ ያለው ስፍራ በቍጥር እንዲገለጽ ታዘዘ። ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ ለሚበልጠው ዙሪያው መመልከት አለበት። ሕጉ የሚጸናበት ቀን ሁለት ጊዜ ተላልፎ ለትልልቆቹ ነጋዴዎች እስከ ዲሴምበር 30 ቀን 2026 ተራዝሟል።

በዚህ ስፍራ የተለወጠው ቍጥር አይደለም፤ የቍጥርም ብዛት አይደለም፤ በመዝገቡ ያልነበረ አዲስ ዓይነት ነገር መጣ። ይህን ለመቀበል የመዝገቡ አምዶች ራሳቸው ከውጭ የሚጻፉ ሊሆኑ ይገባል፤ ማለት ፕሮግራሙ «ስለ አንድ ቡና የሚመዘገቡት ነገሮች እነማን ናቸው» ብሎ ሥራውን ሲጀምር የሚጠይቅ ይሆናል፤ ኀላፊውም «የማሳው ስፍራ» የሚል አንድ መስመር ይጨምርለታል። ጆሴፍ ዮደርና ራልፍ ጆንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በኤውሮጳ አቈጣጠር በ2002 ዓ.ም. በጻፉት ጽሑፍ ይህን አሠራር ስም ሰጥተው ዘርዝረውታል። እንዲህ ያለውን ፕሮግራም አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ካሠራው ሌላው ማኅበር ሊዋሰው ይችላል፤ በየማኅበሩ ስለ አንድ ዓይነት ሥራ እንደ ገና ገንዘብ ከማፍሰስ ያድናል።

ነጻነቱ ግን ዋጋ አለው። ሁሉም ነገር ከውጭ የሚጻፍ ከሆነ ጐማ ወረዳን አንዱ ጸሓፊ «ጎማ»፣ ሌላው «ጐማ» ብሎ ይጽፋል፤ ፕሮግራሙም ሁለት ወረዳ አድርጎ ይቈጥራቸዋል። የክብደቱን አምድ አንዱ በፈረሱላ፣ ሌላው በኪሎ ይሞላዋል፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለ ሆነ ድምሩ የማይረባ ይሆናል። ነገር ሁሉ እንዲለወጥ የተፈቀደበት ፕሮግራም ስሕተትን የሚከለክልበት ምርኩዝ የለውም፤ ሥራውም ይዘገያል፤ ለመመርመርም ያስቸግራል። ስለዚህ የወረዳ ስም ከተመዘገበ ዝርዝር እንዲመረጥ፣ ሚዛኑም በአንድ መለኪያ ብቻ እንዲሆን ቈርጦ መወሰን የአሠራሩ ክፍል ነው። የትኛው እንዲለወጥ፣ የትኛውም እንዳይለወጥ የሚለየው ደግሞ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠው ወጣት ብቻውን አይደለም። የግብር ሹሙ፣ የጤና ዘጋቢው፣ ቡና ተረካቢው ካልነገሩት ከየት ያውቀዋል?

ለሌላ የተሠራውን ወስዶ መጠቀምም የራሱ አደጋ አለው። በኤውሮጳ አቈጣጠር ጁን 4 ቀን 1996 ዓ.ም. አሪያን 5 የተባለችው የኤውሮጳ ሮኬት ከደቡብ አሜሪካ ከኩሩ ተነሥታ 40 ሴኮንድ ያህል እንደ በረረች ከአየር ላይ ፈረሰች። ምክንያቱ በተመረመረ ጊዜ፣ የሮኬቷን አቅጣጫ የሚለካው ፕሮግራም ከቀድሞዋ ከአሪያን 4 ሳይለወጥ የተወሰደ ሁኖ ተገኘ። በአሪያን 4 ላይ ያለ ነቀፋ አገልግሏል። በውስጡ አንድ ቍጥር ከ32,767 እንዳይበልጥ ተደርጎ የተቀመጠ ስፍራ ነበረ፤ ለአሪያን 4 አካሄድ ይህ ከበቂ በላይ ነበረ። አሪያን 5 ግን ፈጣን ስለ ነበረች ቍጥሩ ከስፍራው በለጠ፤ ፕሮግራሙም ቆመ፤ መጠባበቂያ ሁኖ የተቀመጠውም ያው ፕሮግራም ስለ ነበረ እርሱም በዚያው ምክንያት ቆመ። የሚያሳዝነው፣ ያ የሒሳብ ክፍል አሪያን 5 ከምድር ከተነሣች በኋላ ምንም ሥራ አልነበረውም። ለቀድሞዋ ያስፈልግ ስለ ነበረ ብቻ ሳይወጣ ቀርቶ ነው። አንድ ክፍል ለሌላ ቤት በሚዋስበት ጊዜ እስከ ምን ድረስ እንደሚችል የሚገልጽ ጽሑፍ አብሮት ሊሄድ የሚገባው ስለዚህ ነው።

የቀረው የቍልፉ ነገር ነው። ሕጉ በፕሮግራሙ ውስጥ ተቀብሮ በነበረበት ጊዜ የሚለውጠው ባለሙያ ብቻ ነበረ፤ ወደ ሠንጠረዥ ከወጣ በኋላ ግን ሠንጠረዡን መክፈት የሚችል ሁሉ ይለውጠዋል። አንዲት ዜሮ ብትሳሳት ስሕተቱ በአንድ ሌሊት በሠራተኛው ሁሉ ደመወዝ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ደኅና ተደርጎ በታቀደ ፕሮግራም አንዱ ሹም የጻፈውን ለውጥ ሌላው ሹም ሳያጸድቀው አይሠራም፤ ማን፣ መቼ፣ ምኑን ከምን ወደ ምን እንደ ለወጠ ሊሰረዝ በማይችል መዝገብ ይጻፋል፤ አዲሱም ሠንጠረዥ ከመጽናቱ በፊት ያለፈው ወር ደመወዝ በርሱ ተሰልቶ መልሱ አስቀድሞ በእጅ ከተሠራ ሒሳብ ጋራ ይመሳከራል። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ወዲህ ባለው ሕግ ለ10,000 ብር ደመወዝ 1,650 ብር ግብር ያላወጣ ሠንጠረዥ ወደ ጻፈው ሹም ይመለሳል።